የልጄ አያት ስም

እሱን የቀበሩት ዕለት እኔ ከኋላ ነበርኩ። ሰባት ወር የገባ ሆድ ይዤ ከጎረቤት ሴቶች መካከል ቆሜያለሁ፤ ዘመዶቹ አስከሬኑን ከበው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲገቡ ከሩቅ አያለሁ። ልጠጋ ስል ታላቅ ወንድሙ ዞር ብሎ አየኝና ለሴቶቹ፣ «እሷን ከጎረቤት ጋር ያዙልኝ፤ ከፊት ወገን ነው» አላቸው። ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም። ሴቶቹ በክንዴ ያዙኝ። ባሌ ነው ብዬ መጮህ እችል ነበር፤ ሚስትነቴን ግን በምን ላስረዳ? ሽማግሌ አልተላከብኝም፣ ውል አልተፈረመም፣ ድግስ አልተደገሰም። ፋሲካ ይለፍ ተባባልን፣ ከዚያ ክረምቱ ይውጣ ተባባልን፣ በክረምቱ መካከል እሱ ድንጋይ የሚፈልጥበት የላፍቶ ገደል በዝናም ርሶ ተናደበት። ከድንጋዩ ሥር ያወጡት ሰዎች ፊቱን እንዳላይ ከለከሉኝ። አሁን ሳስበው፣ ባታየው ይሻላል ያሉት ለእኔ አዝነው ነው። ያን ጊዜ ግን የከለከሉኝ ሚስቱ ስላልሆንኩ መስሎኝ ነበር።

እኔ የመካኒሳ ገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው፣ «ደብዳቤ የሚያነብልኝ አንድ ሰው ከቤቴ ይውጣ» ብሎ ሀና ማርያም አጠገብ የሚያስተምሩ የኔታ ዘንድ ሰደደኝ። ፊደል ቆጠርኩ፣ ዳዊት ደገምኩ። የኋላ ኋላ አባቴም ሞተ፣ እናቴም ተከተለች፤ ሟቹ ሊያገባኝ ሲፈልግ ጥያቄውን የሚቀበል ወላጅ አልነበረኝም። የእሱም ወገኖች ላፍቶ ላይ ሰፊ መሬት ያላቸው ገበሬዎች ናቸው። ታላቅ ወንድሙ ወላጅ የሌላትን፣ መሬት የሌላትን ሴት ለማምጣት ሽማግሌ አልልክም አለ። እኛም ጎፋ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ገባን።

እዚህ ላይ ልማዳችንን መጻፍ አለብኝ፤ አለበለዚያ የሚከተለው አይገባም። በእኛ ዘንድ ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም በአፏ አትጠራም። ለጉ ይሉታል። ስማቸውን ብቻ ሳይሆን ከስማቸው ጋር አንድ ዓይነት አጀማመር ያለውን ተራ ቃል ሁሉ ትሸሻለች። የእሱ አባት እሱ ገና ልጅ ሳለ የሞቱ ሰው ናቸው፤ ስማቸው ዱቄት የሚለው ቃል እንደሚጀምረው ይጀምራል። ጎፋ በገባን ሰሞን አንድ ጠዋት፣ «ዱቄቱ አልቋል» አልኩት። ፊቱን እየታጠበ ነበር። ውሃውን በእጁ ጠረገና፣

«አባቴን ጠራሽብኝ እኮ» አለኝ።

«ሽማግሌ ሳይመጣ?»

«ሽማግሌው ይመጣል። አንቺ ዛሬ ጀምሪ።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ዱቄት አላልኩም። «የተፈጨ» እላለሁ። በዱ የሚጀምር ነገር ሁሉ ሌላ ስም ወጣለት፤ ዱላ በትር ሆነ፣ ዱባን ቅል አልኩት። ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል። የእሱንም ስም ቢሆን ሰው ፊት አልጠራም፤ «እሱ» ነው የምለው፣ ሲበዛ «ሰውዬው»። ማታ ሲገባ በትሩን ደገፍ አድርጎ፣ «ዛሬ ስንት ቃል ሸሸሽ?» ይለኝ ነበር። ሰርጌ ይህ ነበር። ሌላ ሰርግ የለኝም።

ልጄ ሴት ሆነች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ካስነሳኋት በኋላ በጀርባዬ አዝዬ ላፍቶ፣ እናቱ ዘንድ ሄድኩ። አማቴ ከበረት ወጥተው አገኙኝ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም። ልጅቱን ተቀበሉኝ፣ ሻሿን ገለጡ፣ ጆሮዋን አዩ፣ ዝቅ ብለው የእግሯን ጣቶች አዩ። ወንድሙ ከቤት ወጥቶ፣

«እማዬ፣ ይመልሱላት። ወንድሜ ሞቶ አይመሰክር፤ ማንም እየመጣ በስሙ ልጅ ሊያስቀምጥ ነው?» አለ።

አማቴ ልጅቱን መለሱልኝ። «ሽማግሌ ያልሄደባትን አላውቅም» አሉኝ፣ ግን እኔን ሳይሆን መሬት መሬቱን እያዩ ነው።

እየተመለስኩ እስከ መካኒሳ ወንዝ ድረስ አላለቀስኩም። ወንዙ ዳር ተቀምጬ ሳጠባት አለቀስኩ። አባቷ ማን ነው ሲሏት ምን ትላለች? የሠፈሩ ልጆች አፍ ያላቸው ናቸው፤ ዲቃላ የሚለውን ቃል ከእናታቸው ጡት ጋር ነው የሚጠቡት። መሬቱን አልፈለግሁም ብዬ ብጽፍ ደግሞ እዋሻለሁ። አባቷ ተወልዶ ካደገበት መሬት አንዲት ጥግ ትደርሳት እንደሆነ አስቤያለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ስሙን ፈልጌላታለሁ። የእሷ ስም ከእሱ ስም ጋር ካልተጠራ እሱ ከነጭራሹ እንዳልኖረ ይሆንብኛል።

ያን ጊዜ አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከወጣ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ማመልከቻዬን በራሴ እጅ ጽፌ ፍርድ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ከዛፍ ሥር የሚቀመጥ አንድ ሽማግሌ ነገረ ፈጅ አነበበልኝና፣

«እጅሽ ጥሩ ነው፣ ልጄ። ነገርሽ ግን ቀጭን ነው» አለኝ። «ሰውዬው በሕይወት ቢኖር በጽሑፍ ልጄ ናት ብሎ ይቀበላት ነበር። ሞቷል። አሁን ሁለት በር አለሽ። አንዱ፣ እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ ትኖሩ እንደነበር አራት ሰው ይመስክርልሽ። ሁለተኛው፣ የሟች አባት ወይም እናት በእሱ ስም ልጅቱን ይቀበሏት።»

«አባቱ የሉም። እናቱ እምቢ ብለዋል።»

«እንግዲያስ ጎረቤቶችሽን አልብሰሽ አምጪ።»

አመጣኋቸው። ያከራየችን የቤቱ ባለቤት፣ ሸማኔው፣ ባለ ጋሪውና ጠላ ሻጯ። በቀጠሮው ቀን ሁሉም ታጥበው ታጥነው መጡ። ከእኛ ወዲያ ማዶ ወንድሙና አማቴ ተቀምጠዋል። አማቴ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሸፍነዋል። ዳኛው ከሰሜን የመጣ ወጣት ሰው ነው። የቤቱን ባለቤት አስቀድሞ አስማለ።

«አብረው ይኖሩ ነበር?»

«በአንድ አልጋ፣ በአንድ ማዕድ፣ ጌታዬ።»

«የወንዱ ስም ማን ነው?»

«ረጅሙ ነው የምንለው።»

«ረጅሙ የክርስትና ስሙ ነው?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ረጅም ስለሆነ ነው።»

ሸማኔው ፈላጩ አለው። ባለ ጋሪው፣ «አባ ዝምታ እለው ነበር፤ እሱም ይስቅ ነበር» አለ። ጠላ ሻጯ ስትጠየቅ አንገቷን ሰበረች፤ «ዱቤ ጠጥቶ ቢያውቅ ኖሮ ስሙን እይዘው ነበር፣ ጌታዬ። እሱ ግን ንጹሕ ሰው ነበር» አለች።

ዳኛው ብዕሩን አስቀመጠ። «እኔ የምሰማው ስለ አንድ ሰው ነው ወይስ ስለ አራት?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ተቀምጣ የነበረችው የቤቱ ባለቤት ተነሣች። «ማን ይንገረን፣ ጌታዬ? የጎረቤትን ባል ስም የምናውቀው ሚስቱ ስትጠራው ነው። እሷ አትጠራው። ይቺማ ዱቄት እንኳ አትልም፤ የተፈጨ ነው የምትለው። ሁለት ዓመት ሙሉ የተፈጨ አበድሩኝ ስትለን ነው የኖርን።»

እንደገና ሳቁ። እኔ ግን ማዶ እያየሁ ነበር። አማቴ ነጠላውን ከአፍንጫቸው ዝቅ አድርገው ቀና ብለዋል። ወንድሙም ገብቶታል፤ ከእሳቸው በፊት ሳይሆን አይቀርም። ተነሥቶ ቆመ።

«ጌታዬ፣ አንዲት ጥያቄ ትጠየቅልኝ። ሚስት ነኝ የምትል ሴት የባሏን ስም ከነአባቱ ትናገር። በአፏ ትናገር።»

ወጥመዱ ይህ ነበር። ዝም ብል አታውቀውም ይባላል፤ ያገኘችውን ወንድ አባት ልታደርግ የመጣች ሴት እሆናለሁ። ብናገር ደግሞ አማቴን በፊታቸው ደፈርኩ ማለት ነው፤ ሁለተኛው በር በእጄ ይዘጋል። ልማዱን የማያውቅ ዳኛ ነው የጠየቀኝ፣ ያስጠየቀኝ ግን ልማዱን የሚያውቅ ሰው ነው።

«ጌታዬ፣ መጻፍ እችላለሁ። ወረቀት ይሰጠኝ።»

«ጽሕፈትሽን አልጠየቅሁሽም። ቃልሽን ነው።»

«በእኛ ልማድ የባል አባት ስም…»

«ልማዱ ላገባች ነው» አለ ወንድሙ። «አንቺ መቼ አገባሽ?»

ዳኛው በእጁ ዝም አሰኘውና ወደ እኔ ዞረ። «ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቅሽ። የሟች ስም ከነአባቱ ማን ነው?»

ልጄ በጀርባዬ ላይ ተኝታለች። ትንፋሿ አንገቴን ያሞቀዋል። መጀመሪያ የእሱን ስም አልኩ፤ እሱ እንኳ ከአፌ ሲወጣ እንግዳ ሆነብኝ። ከዚያ የአባቱን አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጎልቶ ወጣ። አዳራሹ ውስጥ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ ጸሐፊው ይጽፋል፣ አንድ ሰው ያስላል። እኔ ግን ጎፋ ያለችው ክፍላችን፣ ያቺ ጠዋት፣ ፊቱን ሲጠርግ የነበረው እጁ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲናድ ተሰማኝ። ገደሉ የእሱን ገላ ወሰደ። የቀረንን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

አማቴ ተነሡ። በትራቸውን አንሥተው ማንንም ሳያዩ ወጡ።

ዳኛው ምስክሮቹ ሟቹን ለይተው እንዳላስረዱ ተናግሮ ለውሳኔ ቀጠረን። ነገረ ፈጁ በሩ ላይ ጠብቆ ሰማኝና ራሱን ነቀነቀ። «የቀሩሽ አሮጊቷ ብቻ ነበሩ» አለኝ። ነበሩ ያለውን ቃል ይዤው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንዴት እንዳለፉ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ቁጭ ብዬ ተነሥቻለሁ። ወተቴ ቀነሰ። ልጄ ታለቅሳለች፣ እኔም እሷን እያባበልኩ ስለ እሱ አለቅሳለሁ። በሌሊት ስሙን ለብቻዬ ልጠራው እሞክራለሁ፤ አንዴ ከጠራሁት ምን ይሆናል ብዬ። አይወጣልኝም።

በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ምሕረት ይለምናል። ከወንዙ ዳር አጭጄ፣ ልጄን አዝዬ፣ ላፍቶ ወጣሁ። ከአጥሩ በር ውጭ ሣሩን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። ፀሐይዋ ከረረች፣ ሣሩ ጠወለገ። አማቴ ወጥተው ከበሩ ወዲያ ቆሙ።

«ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«ምኑን፣ እማማ?»

«ለጉውን። የተፈጨ ማለቱን። ማን ጠብቂ አለሽ?»

«ልጅዎ ነው።»

«የእኔ ልጅ? ሽማግሌ ሳይልክ?»

«ሽማግሌው ይመጣል፣ አንቺ ዛሬ ጀምሪ አለኝ።»

ልጅቱ ከጀርባዬ አጮልቃ ታያቸዋለች። በመጨረሻ ሣሩን በበትራቸው ጫፍ አመለከቱ።

«ጠውልጓል። ለጥጃው ጣዪለት» ብለው ገቡ።

ሣሩን ለጥጃው ሰጥቼ ተመለስኩ። ምሕረት ከለከሉኝ ብዬ ነው የተረዳሁት። ሌላ ምን ብዬ እረዳለሁ?

የውሳኔው ቀን ምስክሮቼን አላመጣሁም። ወንድሙ ብቻውን መጥቷል። ዳኛው ፋይሉን ከፍቶ ማንበብ ሲጀምር በሩ ላይ ግርግር ተሰማ። አማቴ ናቸው። ከላፍቶ ድረስ በጋሪ መጥተው፣ አቧራቸውን ሳያራግፉ በትራቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

«በሕግ አምላክ» አሉ። «ክስ አለኝ።»

«ክስ በጽሕፈት ቤት በኩል ነው የሚቀርበው፣ እማማ። ይህ ሌላ ጉዳይ ነው።»

«ጉዳዩ ይኸው ነው። ይቺ ሴት ባለፈው ባሌን በስሙ ጠርታዋለች። እዚሁ፣ እኔ ቁጭ ብዬ።»

«ፍርድ ቤቱ ጠይቋት ነው።»

«ፍርድ ቤቱን አልከሰስኩም። እሷን ነው።»

ከኋላ ሳቅ ተነሣ። ወንድሙ አልሳቀም። «እማዬ፣ ይተዉት። ይቀመጡ» አለ፤ ክንዳቸውን ሊይዝ ሲል ነጠቁት።

ዳኛው ግንባሩን አሸ። «ስም መጥራት በሕግ አያስከስስም፣ እማማ። የማንንም ስም ማንም ይጠራል።»

«ማንም ይጥራው። አንተም ጥራው። ገበያተኛ ይጥራው። ምራት ግን አትጠራም።»

ዳኛው እጁን ከግንባሩ አወረደ። «ምን አሉ?»

አማቴ ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ እሱ አይኑን ጨፍኗል። ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔን ሳይሆን በትከሻዬ ላይ የምታጮልቀውን አዩ። የተናገሩትን ያወቁት ያን ጊዜ ይመስለኛል። ወይም ጋሪው ላይ ሲወጡ ጀምሮ ያውቁት ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አልለየሁም።

«ምራት ባትሆንማ ምን ያንገበግበኛል?» አሉ፤ ድምፃቸው ወርዷል። «ሌላ ሰው ብትሆን ብትጠራው ባትጠራው ምን ቸገረኝ? ሌሊቱን ሙሉ የሚያነደኝ ምንድን ነው?»

«ልጅቱስ?»

«የልጄ ናት። ጆሮዋን እየው።»

«በሟች ልጅዎ ስም ልጅነቷን ይቀበላሉ?»

«ልጅቱን እቀበላለሁ» አሉ አማቴ። «እናቷን አልቀበልም።»

ዳኛው ለጸሐፊው የመጀመሪያውን እንዲጽፍ፣ ሁለተኛው የፍርድ ቤቱ ጉዳይ እንዳልሆነ ነገረው። ከዚያ እኔን፣ አያቲቱ ያሉት እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የእናትም ቃል ያስፈልጋል። እውነት ነው አልኩ። አማቴ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ፤ ከዚያ ቀለሙን በቀሚሳቸው ጫፍ እየጠረጉ ወጡ። በወረቀቱ ላይ እኔ የሕፃኗ እናት ተብዬ ተጽፌያለሁ። የሟች ሚስት የሚል የትም የለም።

ከበሩ ውጭ ጋሪያቸው ቆሟል። ከላይ ሆነው እጃቸውን ዘረጉ። «ስጪኝ» አሉ። ልጄ ገና ጡት አልጣለችም። ግን እንዴት እምቢ እላለሁ? አያቷ ናቸው ተብሎ ገና ቀለሙ አልደረቀም። አውርጄ ሰጠኋቸው፣ ጋሪው ሄደ። ተከትዬ ሮጥኩ፤ ከዚያ በእርምጃ፤ ከዚያ አቧራው ብቻ ይታየኝ ጀመር። ወንድሙ በሌላ መንገድ በእግሩ ሲሄድ አየሁት። አልተነጋገርንም።

ልጄ ራሷን ቅቤ ተቀብታ ወደ ጎፋ እስክትመለስልኝ ሦስት ቀን አለፈ፤ እስከዚያ የሚያቀብሉኝ ለማጥባት ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ሌሊት ጡቴ ግቶ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጎህ ሲቀድ ላፍቶ ነበርኩ። በሩን አንኳኳሁ፤ የሚከፍት የለም። ጥቂት ቆይቶ በሩ በስንጥቅ ተከፈተና ሁለት ያረጁ እጆች ልጄን በጋቢ ጠቅልለው አቀበሉኝ፤ በሩ ተመልሶ ተዘጋ። እዚያው ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አጠባኋት። እሷ አያቷን አውቃ ይሁን ቅቤው ደስ ብሏት እየሳቀች ትጠባለች። ከአጥሩ ወዲያ የሰው ትንፋሽ እሰማለሁ፤ አልሄዱም፤ ቆመው ይጠብቃሉ።

«ጠገበች?» አሉ።

«ገና ናት፣ እማማ።»

በበትራቸው መሬቱን ሲጭሩ ይሰማኛል። ልጄን ወደ ሌላው ጡቴ አዞርኳት።